ለእናቴ ያልተረጎምኩላት

እኔ ወሬ መደበቅ የማልችል ሴት ነኝ። ጎረቤቶቼ ሚስጥር ሲኖራቸው መጀመሪያ የሚሸሹት ከእኔ ነው። «አስካለ ከሰማች ገበያ ሰማ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ይህን ጠባይ ይዤው አልተወለድኩም። ያገኘሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ነው። የዚያን ቀን ነገር ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ጎንደር ላይ ታሰረና በዚያው ቀረ። እናቴ የሻረግ እኔንና ገና ጡት ያልጣለውን ወንድሜን ቢያድግልኝን ይዛ በመተማ በኩል ተሻገረች። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ገዳሪፍ ገብተን ከጭቃ በተሠራች አንድ ክፍል ቤት ተቀመጥን። እናቴ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ በወንፊት ትነፋለች። እኔ ደግሞ አረብኛውን ቶሎ ያዝኩት። እንዴት ያዝሽው አትበሉኝ፤ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስጣላ ነው። ስድቡን አስቀድሜ፣ ሰላምታውን ኋላ ተማርኩ።

ታዲያ በዚህ የተነሣ የሰፈራችን አበሻ ሁሉ አስተርጓሚ ሆንኩና «ቱርጁማኗ» የሚል ስም ወጣልኝ። ፖሊስ የያዘው፣ ምጥ የያዛት፣ ደመወዝ የተከለከለ፣ ሁሉም በራችንን ያንኳኳል። ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ባልና ሚስት ዳኛ ፊት የሚሰዳደቡትን ስድብ ሳልቀንስ አስተርጉሜአለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ የጥቅምት መግቢያ ላይ እናቴን ሳል ያዛት። «የሰሊጡ ብናኝ ነው» አለች። ሳሉ ሲሰነብትና ልብሷ ሲሰፋት ግን ይዣት ክሊኒክ ሄድኩ። አክታዋን መረመሩና ለውጤቱ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሙ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ንግግር የማያስረዝም ሱዳናዊ ነበር። እናቴን ሳይሆን እኔን እያየ እንዲህ አለኝ።

«እናትሽ ሳንባዋን ታማለች፤ ደረን ነው። ከነገ ጀምራ ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። ክኒኑን ከዓመት በላይ ትወስዳለች። ለብቻዋ ትተኛ። ወንድም ካለሽ አምጪውና እንየው። ከታከመች ትድናለች፤ ካልታከመች ትሞታለች። ንገሪያት።»

«ምን አለ?» አለችኝ እናቴ።

አረብኛዬ አልጎደለም፤ ደረን የሚሉት የሳንባ ነቀርሳን እንደሆነ አውቃለሁ። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ «ትሞታለች» የምትለዋ ብቻ ደረቴ ላይ ቁጭ አለች። «ትድናለች» ያለውን አላመንኩትም። በእኛ አገር በዚህ በሽታ ተይዞ የዳነ ሰው አላየሁማ!

ደግሞ የአባቴ መርዶ ትዝ አለኝ። መተማ ላይ ሳለን ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ያረፍንበት ቤት ገቡ። በሩን ዘጉ። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከእናቴ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ሽማግሌ አፋቸውን የከፈቱት። እናቴ ስትወድቅ የያዟት እነዚያ ሴቶች ናቸው። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ በጧት፣ በሽማግሌ አፍ፣ ደጋፊ በተሰበሰበበት። አሁን ግን ቀኑ ረፍዷል፤ ሽማግሌ የለም፤ ብትወድቅ የሚይዛት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ያኔ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነበርኩ።

«ደም ማነስ ነው አለ» አልኳት። «ጉበት ብዪ አለሽ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሐኪሙ «ገባት?» አለ። «ገባት» አልኩት።

ክፋት አስቤ እንዳይመስላችሁ። ሐሳቤ አጎቴ አያ ደርሰህ እስኪመጣ ነበር። አያ ደርሰህ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፋሽጋ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል። እሱ ይምጣ፣ ሽማግሌ ይሰብስብ፣ እንደ ወጉ ይንገራት፣ ከዚያ ሕክምናዋን ትጀምር አልኩ። ወደ ፋሽጋ በሚሄድ የሎሪ ሾፌርም «ለእማዬ የሚነገር ክፉ ነገር አለ፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ና» ብዬ ላክሁበት። በሳምንቱ መልስ መጣ። «ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ላይ ቆሟል፤ ደርቆ ሳይራገፍ ጥዬው ብመጣ መሬት ላይ ይፈሳል። እንደጨረስኩ እመጣለሁ» ይላል።

እኔም ያንን ቃል ብቻዬን ታቅፌው ቁጭ አልኩ። የእናቴን መጠጫ ጣሳ ለየሁ። «ሙቀት ነው» ብዬ አልጋዋን ወደ በሩ አስጠጋሁት። በማስተርጎም የማገኛትን ሁሉ ለጉበት አደረግኋት። ክሊኒኩ ባለበት መንገድ ማለፍ ተውኩ። እናቴ ጣሳዋ ሲለይ ለምን አላለችም፤ አልጋዋ ሲነሣም ለምን አላለችም። እንዲያውም ቢያድግልኝን መሳም ትታ ነበር። ቱርጁማኗ ይህን አላስተዋለችም።

መጀመሪያ የነበረብኝ ጭንቀት ነው። ጭንቀት ቢከፋም ያሯሩጣል። ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እናቴ ስትስል እቆጥራለሁ፣ ቢያድግልኝን በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። በየቀኑ «ዛሬም መርፌ ሳትወጋ ዋለች፤ ዛሬም እኔ ገደልኳት» እላለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። በአራተኛው ሳምንት ላይ ግን ጭንቀቱ ራሱ ጠፋ። ዳንኩ እንዳትሉ፤ ከሱ ጋር ሌላውም ሁሉ ነው የጠፋው። ምግቡ አፈር አፈር አለኝ። ቀን ከሌት መተኛት ሆነ ሥራዬ። ፀጉሬን አላበጥርም። የልብ ጓደኛዬ ራሕማ ስትመጣ ተከናንቤ የተኛሁ እመስላለሁ። አንድ ቀን ሚስቱን ምጥ የያዛት ሰው በሩን እየደበደበ «ቱርጁማኗ! በእግዚአብሔር!» ሲል ሰምቼ አልተነሣሁም። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ እኔ ግን ያን ቀን ራሴን ጠላሁት። ሳልነቃ በቀረሁ እል ነበር። እንዲህ ብሎ ማሰብ በሽታ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ሰፈሩ የየራሱን ስም አወጣልኝ። አንዷ ቡዳ አለች፣ አንዷ ጥጋብ አለች። አጠገባችን የምትኖረው እትዬ ስንዱ ግን ቆርጣ ተነሣች።

«የሻረግ፣ ይቺ ልጅ ዓይነ ጥላ ጋርዷታል። ከመተማ ማዶ ጠበል አለ። ሳይብስባት ውሰጃት።»

«ደርግ ባለበት አገር በምን እግሬ ልግባ፣ ስንዱ?»

«እንግዲህ ልጅሽ ናት።»

እናቴም «ነገ ሐኪም ይያት። እሱ ካቃተው ሐሙስ በእግራችንም ቢሆን እንሄዳለን» አለች። ይህን ስትል ሦስት ጊዜ አቋርጣ ሳለች። እኔ ተከናንቤ እሰማለሁ። በዚያ ሳንባ ያን መንገድ ከሄደች መሐል ላይ እንደምትቀር አውቃለሁ። እንዳልናገር ምላሴ ታስሯል፤ እንዳልሄድ ጉልበት የለኝም።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ መጣ። ካሮ የሚሉትን የፈረስ ጋሪ ተሳፍረን ሄድን። እናቴ ፊቷን ወደ ጎን እያዞረች በነጠላዋ ጫፍ አፏን አፍና ትስላለች፤ እኔ ደግሞ እንደ ጆንያ ተጋድሜአለሁ። የሚያየን ሰው ማን ማንን ሊያሳክም እንደሚሄድ አይለይም ነበር። ወረፋ ይዘን ስንጠብቅ «ሌላ ሐኪም አድርገው፣ ሌላ ሐኪም አድርገው» እያልኩ ጸለይኩ። ጸሎቴ አልተሰማም። በሩ ሲከፈት ያው ባለመነጽሩ ሰውዬ ነው። ከጎኑ ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች ጥቅል ልብስ የለበሰች ጠይም ነርስ መርፌ ትቀቅላለች፤ አዲስ ናት፣ አይቻት አላውቅም፤ ሱዳናዊት መሰለችኝ።

አሁን ይህን አስቡት። ታማሚዋ እኔ ነኝ፤ አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ።

እናቴ ጀመረች። «በይ ንገሪው። ልጄ እህል አልቀምስ አለች። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ታቃስታለች። ስቃ የማትጠግብ ልጅ ነበረች፤ ከሳቀች ወር አለፋት በይው።»

እኔ በአረብኛ፦ «ራሴን ያመኛል።»

ሐኪሙ እኔን ትቶ እናቴን ትኩር ብሎ አያት። «ይቺ ሴት ያቺ የደረን በሽተኛ አይደለችም? ለምንድን ነው መርፌዋን ያልጀመረችው?»

እኔ በአማርኛ፦ «ዕድሜዋ ስንት ነው ይላል።»

«የኔን ዕድሜ ምን ያደርግለታል? አርባ በይው።»

እኔ በአረብኛ፦ «ሌላ ሐኪም ቤት ጀምራለች።»

«የትኛው ሐኪም ቤት? ካርዷን አሳዪኝ።»

እኔ በአማርኛ፦ «ጉበት ትበያለሽ ወይ ይላል።»

«እበላለሁ እንጂ! አምስት ሳምንት ሙሉ ጉበት! ከእንግዲህ ጉበት ካሳየኸኝ አንተን ነው የምበላህ በይው!»

እኔ በአረብኛ፦ «ካርዷ ጠፍቶባት በጣም አዝናለች።»

ሐኪሙ የእናቴን ቁጣ አየ፤ የእኔን ትርጉም ሰማ፤ ግንባሩን ቋጠረ። ያን ጊዜ ከወደ ጎን መርፌው ሳህን ላይ ቃጭ ሲል ሰማሁ።

«ኣቲ ጓል! እንታይ ኢኺ ትብሊ ዘለኺ?»

ነርሷ ናት። በሐምዳይት ድንበር በኩል የገባች ትግሬ ኖራለች። ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ምን እያልሽ ነው? እሱ የሚለው ሌላ፣ አንቺ የምትያቸው ሌላ!»

ስሟ ለተብርሃን ይባላል፤ ኋላ ነው ያወቅሁት። ለሐኪሙ በአረብኛ ሁሉንም ነገረችው። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት እያልኩ ቁልቁል አያለሁ። መጥታ ፊቴ ቁጢጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለምን ደበቅሻቸው፣ የኔ እኅት?»

አምስት ሳምንት ያልመጣ እንባ መጣ። እየተንሰቀሰቅሁ «ሽማግሌ የለም» አልኩ። ሌላ ቃል ማውጣት አቃተኝ። «ሽማግሌ የለም... አያ ደርሰህ አልመጣም... ብትወድቅ የሚይዛት የለም።»

ሐኪሙ አልገባውም። ለተብርሃን ግን ገባት፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ። የመርዶ ነገር ለአገር ልጅ ትርጉም አያስፈልገውም።

እናቴን ለማየት ፈራሁ። ትወድቃለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ አልወደቀችም። ቀስ ብላ ከነጠላዋ ውስጥ አንድ ጨርቅ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ደም የነካ ጨርቅ ነው።

«አስካልዬ» አለችኝ፤ «ደም እየተፋሁ ደም ማነስ ነው ስትዪኝ ያመንኩሽ መሰለሽ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ያባቴን ወንድም የገደለ በሽታ አይደል? ድምፁን አውቀዋለሁ። ጣሳዬን ስትለዪ ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ገባኝ። ልጄ ካወቀች ትደነግጣለች ብዬ ዝም አልኩ። ደርሰህ ይምጣና እናንተን ላስረክበው፤ ከዚያ የሆነው ይሁን ብዬ ነው።»

እኔም እሷም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱን አያ ደርሰህን ስንጠብቅ ኖረናል! እሱ ደግሞ ፋሽጋ ሰሊጡን ይጠብቃል።

ለተብርሃን ሁሉንም ለሐኪሙ ነገረችው። ያ ንግግር የማያስረዝም ሰው ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠጋና ዛሬ እሷኑ እያየ ተናገረ። ለተብርሃን ልትተረጉም ስትል እናቴ እጇን አነሣች።

«አንቺ ቆዪ፣ እኅቴ። እሷ ትንገረኝ። እውነቱንም በእሷ አፍ ልስማው። በይ አስካለ፣ ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። «በሽታው የሳንባ ነው። ይገድላል ይላል፤ ካልታከምሽ። መድኃኒት ግን አለው። ብዙ ሰው አድኛለሁ ይላል። መርፌው ሁለት ወር ነው፤ ያማል ይላል። ክኒኑን አንድ ቀን እንዳታቋርጪ። ቢዘገይም አልረፈደም ይላል።» የመጨረሻዋን ስናገር እኔው ራሴ ገና የሰማኋት መሰለኝ። ለካስ መጀመሪያም «ትድናለች» ብሎኝ ነበር።

እናቴ «አልረፈደም?» አለች።

«አልረፈደም።»

«እሰይ!» አለችና ቁጭ ባለችበት አማተበች። «እሺ፣ የልጄስ?»

ሐኪሙ ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ደረቴን አዳመጠ፣ እንቅልፌን፣ ምግቤን፣ ሐሳቤን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ሳልነቃ በቀረሁ ማለቴንም ነገርኩት። አልደነገጠም፤ አልገሠጸኝም። እንዲህ አለ፤ ይህን ለተብርሃን ናት የተረጎመችልን።

«ሳንባዋ ንጹሕ ነው። የታመመችው መንፈሷ ነው። ጭንቀት ለአንድ ቀን ቢሆን አያሳምምም። ሳምንት ሲከርም ግን መጀመሪያ እንቅልፍ ይነሣል፣ ቀጥሎ ደስታ ይነሣል፣ ኋላ ሰውዬውን ከአልጋ አያስነሣውም። በልጅነት ሲሆን ይከፋል። ልጅ ነገሩ የሚያልፍ አይመስለውም፤ ያለፈ ነገር ገና አላየማ።»

እናቴ «ዓይነ ጥላ አይደለም?» አለች።

«ሸክም ነው» አለች ለተብርሃን። «ደግሞ አሁን አውርዳዋለች።»

ቀትር ላይ እናቴ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። የጮኸችው ጩኸት እስከ ከተማው የእህል ሲሎ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ከበሽታው እሱ ይሻላል ያለው ማነው?» እያለች እያነከሰች ወጣች። እኔ ሳቅሁ። አፌን ይዤ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እናቴ መሐል መንገድ ላይ ቆማ አየችኝና «ሳቀች!» ብላ ለማታውቀው መንገደኛ ተናገረች። መንገደኛው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ አለፈ። ከዚያ ራበኝ። ፉል ገዝታ አበላችኝ፤ አንድ ሳህን ጨርሼ ሁለተኛ አስደገምኳት።

በአንድ ቀን ዳንኩ አልላችሁም፤ ብል ወደ ድሮው ትርጉሜ ተመለስኩ ማለት ነው። ጭንቀቱ በአንድ ቀን ወረደ፤ ያ ድንዛዜ ግን ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ። በየጧቱ እናቴን ለመርፌ አደርሳለሁ፤ እሷ ስትወጋ ለተብርሃን ከጎኗ ታስቀምጠኝና ታጫውተኛለች። አንድ ሰሞን ደህና እሆንና ደግሞ አንድ ቀን አልነሣም እላለሁ። እናቴ አትቆጣም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ፀጉሬን መሥራት ትጀምራለች፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ተነሥቼ እገኛለሁ። ቢያድግልኝም ተመረመረና ነጻ ሆነ።

የአያ ደርሰህን ነገር ልረሳው ነበር። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አያ ደርሰህ ነው፤ ከኋላው ነጠላቸውን ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎችና ሁለት ጠንካራ ሴቶች። አጎቴ ሰሊጡን አራግፎ፣ መልእክቴን ይዞ፣ ሰው አስተባብሮ፣ እንደ ወጉ ሊያረዳ መጥቷል። ፊታቸው ሁሉ ጠቁሯል። ሴቶቹ ወዲያው ገብተው ከእናቴ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

እናቴ ያን ጊዜ መርፌዋን ከግማሽ በላይ ጨርሳለች። ጉንጯ ሞልቷል። ግራና ቀኟን አየች፤ ሽማግሌዎቹን አየች፤ እኔን አየች።

«ምነው ደርሰህ» አለች፤ «የኔኑ መርዶ ለኔው ልታረዳኝ መጣህ?»

ትልቁ ሽማግሌ ያዘጋጁትን ንግግር ትተው ዞረው አጎቴን አዩት። አያ ደርሰህ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ በመጨረሻ «እኔኮ ሁለት ኬሻ ሰሊጥ ጥዬ ነው የመጣሁት» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ሽማግሌዎቹ በከንቱ እንዳይመለሱ መርቀውን ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ወጋችንን ላጥላላ አይደለም ይህን የጻፍኩት። መርዶን በሽማግሌ የሚነግር ሕዝብ ለሰው ልብ የሚጠነቀቅ ሕዝብ ነው። የረሳነው አንድ ነገር ቢኖር ወሬውን ቀድሞ የሰማው ሰውም ልብ እንዳለው ነው። ያ ሰው ልጅ ሲሆን ደግሞ ግራና ቀኙን የሚይዘው የለም። ቤታችሁ ውስጥ ሳቂታ የነበረ ልጅ ዝም ካለ፣ ከተኛ፣ እህል ከጠላ፣ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ። ጠበሉም ይኑር፣ ሐኪሙም ይኑር፤ ከሁሉ በፊት ግን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ምን እንደሰማ ጠይቁት። አንዴ ጠይቃችሁ «ምንም» ቢላችሁም አትነሡ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ የልጅ ልጅ አየች። እኔም ማስተርጎሜን ቀጠልኩ፤ የሰው ደስታም የሰው መከራም በአፌ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት በየማታው ግን ገና ከደጅ ስገባ እናቴ ወንፊቷን ታስቀምጥና ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች።

«እህ፣ ቱርጁማኗ፣ ዛሬ ምን ሰማሽ?» ትለኛለች። «ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ።»

እኔም ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ። ስጨርስ እንቅልፌ ይመጣል።